ጉንጭህ ሰደፉ ላይ፣ ዓይንህ ስኮፑ መሃል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ለአጋዘን አደን ብዬ ያገለገለ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ጠመንጃ ገዛሁ። ባለ 308 ጥይት ነው፤ ሰደፉ የዋልነት እንጨት ነው። ላዩ ላይ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኮፕ (ዒላማውን አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር) ገጠምኩበት። አሁን ጉንጬን ሰደፉ ላይ ሳሳርፍ የሚታየኝ ጥላ ብቻ ነው። በደንብ ለማየት ጉንጬን አንስቼ አገጬን ማስደገፍ አለብኝ። ከፍና ዝቅ የሚል የጉንጭ መደገፊያ ራሴ ልገጥምለት አስቤያለሁ። የሰደፉን ጀርባ ልቁረጠው ወይስ ከላይ ልጫንበት? ትራፓኖ አለኝ፤ እጄም አይታማም።

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ እጄ አይታማም ማለትህን ወድጄዋለሁ። እንግዲያው መልሱን አላቆይብህም። አትቁረጠው። ከላይ እንደ ኮርቻ የሚቀመጥና በሁለት ብሎን የሚያዝ መደገፊያ ግጠምለት። እሱንም ቢሆን ዛሬ አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ነገር እናጣራ። ምናልባት ትራፓኖህን ሳታነሳ ትገላገል ይሆናል። እኔ ከአናጢነት ነው ወደ ሰደፍ ሥራ የገባሁት፤ ስለዚህ በጥሩ ዋልነት ላይ የሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ ትንሽ ያመኛል።

ስኮፑን የያዙትን ቀለበቶች እይ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ እየተባሉ ይሸጣሉ። ሰው 50 ሚሊ ሌንስ ሲገዛ «እንዳይነካ» ብሎ ከፍተኛውን ይገጥማል። ሂሳቡ ግን ቀላል ነው። ከ40 ሚሊ ሌንስ ወደ 50 ስትሄድ ስኮፑ ከፍ ማለት ያለበት በ5 ሚሊ ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጨምረው የሌንሱ ግማሽ ነዋ። በሌንሱ ጠርዝና በጠመንጃው ቧንቧ መካከል ሁለት ሚሊ ክፍተት ካለ ይበቃል። የሌንስ ክዳን የምታደርግ ከሆነ ለሱም ቦታ ተው። የማቀባበያው እጀታ ወደ ላይ ሲነሳም የስኮፑን የኋላ ጫፍ እንዳይነካ አረጋግጥ። ጣትህ የሚገባበት ክፍተት ካየህ ግን ቀለበቱ በጣም ረጅም ነው። ዝቅ ያለ ቀለበት ገዝተህ ቀይርና እንደገና ሞክረው።

ጥላውንም ለይ። ጥቁሩ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ችግሩ ከፍታ አይደለም፤ ስኮፑ ካንተ ርቋል ወይም ቀርቦሃል። የአደን ስኮፕ ብዙ ጊዜ ከዓይን 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲርቅ ነው ሙሉ የሚያሳይህ። ቀለበቱን አላልተህ ወደ ፊት ወደ ኋላ አንሸራተው። ጥላው በአንድ ወገን ብቻ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ሆኖ ከመጣ፣ ያኔ ዓይንህ ከመሃል ወጥቷል ማለት ነው። ከገለጽክልኝ በመነሳት ያንተ ይሄኛው ይመስለኛል።

አሁን ብረቱ ላይ የተቀረጸውን የጠመንጃውን መለያ ቁጥር አንብብ። ይሄን ሳታይ እንዳትበሳ። ሞዴል 70 ገበያ ላይ የወጣው በፈረንጆቹ 1936 ነው። ፋብሪካው በ1964 አሠራሩን ሲለውጥ የድሮዎቹ ተፈላጊነት ጣሪያ ነካ። ከለውጡ በኋላ የተሠሩት ቁጥራቸው ከ700,000 ይጀምራል። ያንተ ፊደል ሳይኖርበት ከ700,000 በታች ከሆነ እጅህን ሰብስብ። ሰብሳቢዎች በእጅ ባትሪ እያበሩ ነው ሰደፍ የሚያዩት፤ አንድ ቀዳዳ ዋጋውን ይቆርጠዋል። ባለ 308 መሆኑ ብቻ ነገሩን አይለይልህም። ጥይቱ በ1952 ከመጣ ጀምሮ በዚህ ጠመንጃ ተተኩሷል።

የድሮው ሆኖ ከተገኘ ሳይበሳ የሚታሰር የጨርቅ ወይም የቆዳ መደገፊያ አለልህ። ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ኤም ዋን ጋራንድን ታውቀዋለህ፣ የቃኘው ሻለቃ ልጆች ኮሪያ የተዋጉበትን። የዚያ ጠመንጃ የአልሞ ተኳሽ ዓይነቱ ጥይት ከላይ ስለሚጎርስ ስኮፑን መሃል ላይ ማስቀመጥ አልተቻለም። ወደ ግራ አሸሹት። ያኔ ተኳሹ ጉንጩን የሚያሳርፍበት አጣ። መፍትሔው ሰደፉ ላይ በክር የሚታሰር የቆዳ ትራስ ሆነ። እንግሊዞች ደግሞ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4ን ለአልሞ ተኳሽ ሲያዘጋጁ ከእንጨት ቀርጸው ሰደፉ ላይ በብሎን አሰሩበት። ችግሩ ያኔም ያው ነበር። የድሮ ሰደፍ የተቀረጸው ቧንቧው ላይ ተለጥፎ ለሚቀመጥ የብረት ማነጣጠሪያ ነው። ስኮፕ ሲጫንበት ዓይን ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉንጭ ታች ይቀራል።

ቁጥሩ ከ700,000 በላይ ነው እንበል። ቀለበቱንም ቀይረህ ችግሩ አልጠፋም። ወደ ሥራው እንግባ።

ጥይት የለም ብለህ በልብህ አትመን። ማቀባበያውን ከፍተህ የጥይቱን ቤት በዓይንህ እይ፤ ትንሿን ጣትህንም አስገባበት። ጥይት የሚባል ነገር ከክፍሉ ይውጣ።

ቀጥሎ የሚያስፈልግህ ካርቶንና ፕላስተር ብቻ ነው። ካርቶኑን በሰደፉ ጀርባ ልክ ቁረጥና ሁለት ሦስት ድርብ አድርገህ በፕላስተር እሰረው። አደን የምትወጣበትን ጃኬት ልበስ። ይሄን የምልህ በቀልድ አይደለም፤ ኅዳር ላይ የምትለብሰው ወፍራም ጃኬት ሰደፉን ከትከሻህ ያርቀዋል፣ የጉንጭህንም ቦታ ይለውጠዋል። ስኮፑን ትልቁ ማጉያ ላይ አድርገው። ግድግዳ ላይ አንድ ነጥብ ምረጥ። ዓይንህን ጨፍን፤ ጠመንጃውን አንሳ፤ ጉንጭህን ዘና አድርገህ ጣለው። አሁን ዓይንህን ክፈት። አንገትህን ሳታነቃንቅ ሙሉ ክብ ከታየህ ደርሰሃል። ጥላ ካለ አንድ ካርቶን ጨምር ወይም ቀንስ። አሥር ጊዜ ደጋግመው። ቆመህ፣ ተቀምጠህ፣ ጎንበስ ብለህ ሞክረው። ከዚያ የካርቶኑን ውፍረት ለካ። እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ይፈልጋሉ። 30 ካገኘህ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ፤ ወደ ቀለበቱ ተመለስ።

ካርቶኑን እንደታሰረ ወደ መተኮሻ ሜዳ ይዘኸው ሂድ። ሰው ይስቅብሃል፤ ይሳቅ። ሃያ ጥይት ተኩስበትና ጉንጭህ ምን እንደሚል ስማ።

እግረ መንገዴን አንድ የተጋነነ ነገር ላርግብ። ጉንጭ በቦታው ካላረፈ ጥይቱ ይስታል የሚል ወሬ ትሰማለህ። እውነት አለው፤ ግን ልኩን እንወቅ። የአደን ስኮፕ በአብዛኛው ለ100 ያርድ ተስተካክሎ ይሸጣል። እዚያ ርቀት ላይ ዓይንህ ከመሃል ቢወጣም ስኮፑ ውስጥ የሚታይህ ማነጣጠሪያ መስቀል ከዒላማው አይንሸራተትም። 200 ያርድ ላይ ዓይንህ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ቢሸሽ እንኳ በ50 ሚሊ ሌንስ ስህተቱ ቢበዛ ሁለት ሴንቲ ተኩል ነው። 300 ላይ አምስት ሴንቲ። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ደግሞ ስፋቱ 20 ሴንቲ ያህል ነው። ስለዚህ አጋዘኑን የሚነጥቅህ ይሄ አይደለም። የሚነጥቅህ ሰዓቱ ነው። ጎህ ሲቀድ አጋዘን ከጫካ ጠርዝ ብቅ ይላል። አንተ አንገትህን እያሰገግክ ጥላውን ስታባርር እሱ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ዛፍ ውስጥ ይገባል። ሌላው ምቱ ነው። አገጩን አስደግፎ የሚተኩስ ሰው ጭንቅላቱን የሚይዝለት ስለሌለ ጠመንጃው ሲመለስ ጥርሱ ይጋጫል። ከሦስተኛው ጥይት በኋላ ሳያውቀው ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል። ያ ነው የሚያስተው።

ከምቱ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ የመደገፊያው ዘንበል። ጠመንጃ ሲተኮስ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል። የመደገፊያው ጀርባ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወደ ኋላ በመጣ ቁጥር ከፍ ያለው ጫፍ ጉንጭህ ሥር ይገባል። እንደ ሽብልቅ ነው፤ ጉንጭን ሽቅብ ይመታል። የዌዘርቢን ጠመንጃ አይተህ ከሆነ የሰደፉ ጀርባ ወደ ፊት ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለውበት ብቻ እንዳይመስልህ። ሲመታ ከጉንጭ እየሸሸ ይሄዳል። ስለዚህ መደገፊያህን ከቧንቧው ጋር ትይዩ አድርገው፤ ካልሆነም ከፊት በኩል አንድ ሁለት ሚሊ ዝቅ ይበል። የተገላቢጦሽ እንዳይሆን ብቻ።

አሁን ደግሞ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። ይሄን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ደንበኛ መደገፊያ ገጠምኩ። ልኩ ልክ፣ ቫርኒሹ እንደ መስታወት። ሰውየው ጠመንጃውን ሊያጸዳ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ሲስበው መደገፊያው ላይ ሄዶ ቀጭ አለ። አይወጣም። ጠመንጃውን ለማጽዳት በየጊዜው መደገፊያውን መፍታት ሊኖርበት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ያኔ ነው የገባኝ፤ በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት።

ስለዚህ ሁለት ምልክት አድርግ። ማቀባበያውን እንደምትተኩስ ሆነህ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳበውና ጫፉ የደረሰበት ሰደፉ ላይ ፕላስተር ለጥፍ። የመደገፊያው ፊት ከዚያ መስመር ወዲህ ይጀምር። ከዚያ ማቆሚያውን ተጭነህ ሙሉ በሙሉ አውጣው። ሲወጣ በሰደፉ ጀርባ ላይ ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚያልፍ ለካ። መደገፊያው ወደ ታች እስከ መጨረሻው ሲወርድ ለዚህ ቦታ መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ከፊቱ መሃል ላይ ማቀባበያው የሚያልፍበት ቦይ በሞረድ አውጣለት። ከፍና ዝቅ የሚለውን የምመርጠው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከፍታውን በየቀኑ ትቀያይረዋለህ ብዬ አይደለም፤ አንዴ አግኝተህ ትቆልፈዋለህ።

ለምን አትቁረጥ እንዳልኩህ አልነገርኩህም። መቁረጥ ማለት የሰደፉን ጀርባ በመጋዝ አንስቶ በሁለት ፌሮ ላይ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረግ ነው። የውድድር ጠመንጃ ላይ የምታየው እሱ ነው፤ ሲያምር ያምራል። ግን ሁለቱ የፌሮ ቀዳዳዎች ፍጹም ትይዩ መሆን አለባቸው። የፀጉር ያህል ከተዛነፉ መደገፊያው ይነክሳል፤ አይወጣም አይወርድም። መጋዙ ከሳተ ደግሞ መመለሻ የለውም። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

የኮርቻው ዓይነት ካይዴክስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ተሠርቶ ይሸጣል። ጎንና ጎኑ ላይ ቁልቁል የረዘመ ክፍተት አለው፤ ብሎኑ በዚያ ውስጥ ይንሸራተታል። ዝግጁውን ግዛ። ራሴ አጥፌ እሠራለሁ ካልክም ይቻላል። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ካይዴክስ ወደ 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ሰደፉን በፎጣ ጠቅልለህ ላዩ ላይ ታጥፈዋለህ። ያለ ፎጣው ቫርኒሹ ይላጣል። የወጥ ቤቱን ኦቨን ከመጠቀምህ በፊት ግን የቤቱን ሰው አስፈቅድ፤ ይሸታል።

አሁን ቀዳዳው። ብረቱንና እንጨቱን ሳትለያይ ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ በጨርቅ አስረው። ውሃ ልኩን ስኮፑ የተቀመጠበት ብረት ላይ አድርግ። ቧንቧው ላይ እንዳታደርገው፤ ወደ ፊት እየቀጠነ ስለሚሄድ ያሳስትሃል። ብረቱ ልክ ሲሆን፣ ሰደፉ ጎን ላይ ፕላስተር ለጥፈህ በውሃ ልኩ አንድ አግድም መስመር አስምር። ሁለቱ ቀዳዳዎች በዚህ መስመር ላይ ይውላሉ። ከሰደፉ ጀርባ ቢያንስ 25 ሚሊ ወደ ታች ይሁን። የፊተኛው ቀዳዳ ወደ እጅ መያዣው አይጠጋ። እዚያ ጋ እንጨቱ ቀጭን ነው፤ ሰደፍ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረውም እዚያው ነው።

ሳትበሳ በፊት ከኋላ ያለውን ጎማ ፍታና ውስጡን እይ። አንዳንድ ሰደፍ ክብደት ለመቀነስ ከኋላ ተቦርቡሮ ነው የሚመጣው። ያንን ክፍተት ብትበሳው ብሎኑ ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። የጎማው ብሎኖችም እስከ የት እንደገቡ ለካ። ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰው ሰደፉ ለብቻው ተነጥሎ የሚገጠም ጠመንጃ ካለው ደግሞ ይጠንቀቅ። በእንዲህ ዓይነቱ ሰደፍ ውስጥ ረጅም ብሎን ከኋላ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ፑንታው እሱ ላይ ከሄደ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ምልክቱ ካለቀ በኋላ ብረቱን ከእንጨቱ ለየው። የእንጨት ብናኝ ምላጩ ውስጥ ገብቶ ጠመንጃ ሲሠራ ማየት አትፈልግም።

በእጅ የሚያዘውን ትራፓኖ ለዚህ አልመክርህም። የቆመ ትራፓኖ ያለው ጓደኛ ፈልግ። ሰደፍ ጎኑ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ላይም ወደ ፊትም ይቀጥናል። እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ ካጋደምከው ፑንታው ተዛንፎ ይወጣል። ከሥሩ ሽብልቅ እያስገባህ የሰደፉ የመሃል መስመር ከጠረጴዛው ጋር እኩል እስኪሆን አስተካክለው። በሞርሴቶ እሰረው። መሃሉ ሾል ያለ የእንጨት ፑንታ ተጠቀም። በ3 ሚሊ ጀምር፤ ከሁለቱም ጎን እስከ መሃል ብሳ። መሃል ላይ ከተገናኙ ተሳክቶልሃል። በትንሹ ከተሳሳቱ ትልቁ ፑንታ ያስታርቃቸዋል። ፕላስተሩን አታንሳ፤ የቀዳዳው ጠርዝ እንዳይላጥ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ብሎኑ 6 ሚሊ ከሆነ ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ጨርሰውና ውስጡ ቀጭን የነሐስ ቱቦ በኤፖክሲ ለጥፍበት። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዋልነት ጠንካራ ቢሆንም ብሎን በተጠበቀ ቁጥር ይጨመቃል። ከሁለት ዓመት በኋላ መደገፊያው መወዛወዝ ይጀምራል። ቱቦ ካለ ግን ዳዶው የሚጫነው ብረት ላይ ነው። ቱቦው ከእንጨቱ ጋር እኩል ይሁን፤ ከወጣ በሞረድ አስተካክለው። ኤፖክሲው የማይፈለግ ቦታ እንዳይይዝ ዙሪያውን የጫማ ቀለም ቀባ። የጫማ ቀለም ያለበት ቦታ አይለጥፍም፤ የቆየ የባለሙያ ዘዴ ነው። ከሮንዴላው ሥር የቀረ ጥሬ እንጨት ካለ በዘይት ወይም በቫርኒሽ ድፈነው። ውሃ በዚያ ከገባ እንጨቱ ያብጣል።

ሰደፍህ ፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። ብዙዎቹ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ኤፖክሲም በደንብ አይዛቸውም። እዚያ ሰፊ ሮንዴላ በሁለቱም ጎን ማድረግ ነው መላው።

ብረቱን ስትመልስ የፊቱን ብሎን ቀድመህ አጥብቅ፣ ቀጥሎ የኋላውን። ሦስተኛ የመሃል ብሎን ካለው ለስሙ ያህል ብቻ ንካው፤ እሱን ማጥበቅ ብረቱን ያጎብጠዋል። ጠመንጃው ስለተፈታ ዒላማው ተነክቷል ብለህ አስብና እንደገና ሜዳ ወስደህ አስተካክለው። የመደገፊያውን ከፍታ በካርቶን ካገኘኸው ልክ ጀምር። ካይዴክስ በብርድ ጉንጭ ላይ እንደ በረዶ ይይዛል፤ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ ለጥፍበት። የጨርቁን ውፍረት ከከፍታው መቀነስ እንዳትረሳ። ልክ ሲሆን ዳዶዎቹን አጥብቀህ ከዳዶው እስከ ካይዴክሱ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምር። መስመሩ ተቆርጦ ካየኸው ዳዶው ላልቷል ማለት ነው።

የጠመንጃውን ቁጥር ግን ከመብሳትህ በፊት ጻፍልኝ። ከ700,000 በታች ሆኖ ልቡ የማያስችለው ሰው ገጥሞኝ ያውቃል። ለሱ ሌላ ያገለገለ ሰደፍ ፈልገን እሱን በሳንለት። የድሮው ሰደፍ እስከ ዛሬ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው።